አምስት ችካል በእናቴ ጓሮ

በግንቦት ወር በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የእናቴ ቤት የበር መቃን ከነመዝጊያው ወደ ውጭ ወደቀ። የተጎዳ ሰው የለም።

የምኖረው ላሊበላ ከተማ ነው፤ እናቴ ያለችው ገነተ ማርያም አጠገብ፣ እኔ በተወለድሁባት መንደር ነው። ስደርስ ግቢው መካከል ቆማ የወደቀውን መቃን በእግሯ ትነካካ ነበር። ላዩን ሲያዩት ደህና እንጨት ነው። ጫፉን ስረግጠው ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። ምስጥ ከሥሩ ገብቶ ልቡን ጨርሶ ልጡን ብቻ ትቶልናል።

«ዓመቱን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ የኖርሁት ልጥ ኖሯል!» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ በጣቶቿ ወር ትቆጥር ጀመር። ኅዳር ላይ ስትደርስ ቆመች።

እናቴ የማርያም ማኅበር አላት። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ጽዋው ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ የእሷ ተራ ኅዳር ነው። ባለፈው ኅዳር የጓዳው ግድግዳ ዘምሞ ስለነበር ሰው ማስገባት ፈርታ ድግሷን ተሸክማ ጎረቤት ቤት አወጣችው። ጠላው የራሷ፣ ዳቦው የራሷ፣ ጣሪያው የሰው። ስለዚያ ቀን የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰው ደጃፍ ቆሞ እንግዳ መቀበል እንደ ተውሶ ነጠላ ትከሻ ላይ አይረጋም አለችኝ። ደግማ አላነሣችውም።

«ዘንድሮ በቤቴ ነው» አለች አሁን። «አዲስ ቤት ሥሩልኝ። ምስጥ የማይደፍረው።»

አልጋዋን ወደ ማድቤቱ አዛወርንና ቤት ወደ መሥራቱ ምክር ገባን።

ምስጥ የማይደፍረው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ፣ ጋዜጠኛ ነኝና፣ እንደ ሥራ ልማዴ ሰው ጠየቅሁ። ሦስት ምንጮች አገኘሁ። ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ሦስቱም አይስማሙም።

የመጀመሪያው አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቄስ። እናቴ ወንድሟን «እርስዎ» ትላቸዋለች፤ ስትናደድ ብቻ «አንተ» ይሆናሉ።

«ጥድ ነው» አሉ አጎቴ። «ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ምስጥ ጥድ ሲሸተው መንገድ ይለውጣል።»

ሁለተኛው ግንበኛው ነው፤ በመንደሩ ካለው ቤት ብዙውን ያቆመው እሱ ነው። «የባሕር ዛፉን እግር የተቃጠለ የመኪና ዘይት ትቀቢዋለሽ። ምስጥ ይቅርና አይጥም አይጠጋው።»

ሦስተኛዋ እናቴ ራሷ ናት። «እግሩን እሳት ልሶት ጥቁር ሲል አመድ ውስጥ መትከል ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

ግንበኛው የወደቀውን መቃን አየት አደረገ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄኛው በምን ዘዴ ነበር የተተከለው?»

«በአመድ ነው» አለች እናቴ ሳታፍር። «ግን የተከለው የዚህች አባት ነው። አመድም ይቆጥብ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

እኔም አራተኛ ሆኜ ገባሁ። ለሥራ ወልድያ ወርጄ ሳለሁ ከእርሻ መድኃኒት መሸጫ አንድ ጀሪካን የምስጥ ኬሚካል ገዛሁ፤ የአጠቃቀሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብሁ፤ ጓንትም ገዛሁ። አጎቴ ጓንቱን ሲያዩ «ቤት ልትሠሪ ነው ወይስ ልታዋልጂ?» አሉኝ።

ክርክሩ በአፍ እንደማያልቅ ሲገባኝ ሐሳብ አቀረብሁ። ክረምቱ ሳይገባ ጓሮው ውስጥ አምስት ችካል እንትከል፤ መስቀል ሲያልፍ ነቅለን እንይ። አንዱ የአጎቴ ጥድ፣ አንዱ የግንበኛው ዘይት የተቀባ፣ አንዱ የእናቴ እሳት የላሰውና አመድ የጠጣ፣ አንዱ የእኔ ኬሚካል የተነከረ። አምስተኛው ምንም ያልነካው ባዶ ባሕር ዛፍ።

እናቴ ባዶውን ችካል አነሣችና አገላበጠችው። «ይሄ ምስኪን ምን በደለ?»

«እሱ ምስክር ነው» አልኋት። «እሱ ካልተበላ መሬቱ ላይ ምስጥ የለም ማለት ነው።»

«ምስክር ቢሆንስ ራቁቱን ይቆማል?»

ተከልናቸው። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ክረምቱን የተከታተልሁት በስልክ ነው። ሌላ ጊዜ እናቴ ስትደውል ከሰላምታ በኋላ የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት ትዘረዝራለች፤ በዚያ ሰኔና ሐምሌ ችካሎቹ ከዘመድ ቀደሙ። «የአባ ጥድ ቆሟል። የግንበኛው ጥቁር ቆሟል። ያንቺው ይሸታል። የኔ ደህና ነው። ምስክርሽም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምስክሩ ደህና መሆኑ አላማረኝም። መቃን የበላ ምስጥ ባለበት ግቢ ያልተቀባ ባሕር ዛፍ ዝናብ እየጠጣ እንዴት ደህና ይሆናል? ምስጦቹ አካባቢውን ለቀው ሄደው ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ። በነሐሴ እናቴ እንደ ወትሮዋ ለፍልሰታ ሱባኤ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ሁለቱን ሳምንት ስልክ የለም፤ ወሬም አልነበረም።

መስቀል አልፎ፣ በዓል ያልሆነ አንድ ሐሙስ መርጠን ችካሎቹን ለመንቀል ተሰበሰብን። አራት ሰዎች እንሆናለን ብዬ ነበር፤ ግቢው ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ ለየችካሉ ወገን ሆኖ ነበር የመጣው። የጥድ ወገኖች ከአጎቴ ጋር በአንድ በኩል፣ የዘይት ወገኖች ከግንበኛው ጋር በሌላ በኩል ቆሙ። ከእኔ ኬሚካል ጎን የቆመ ሰው አላየሁም።

«አባ፣ ሊወራረዱ ነው እንዴ?» አላቸው ግንበኛው።

«ቄስ አይወራረድም። እኔ ትንቢት ነው የምናገረው።»

ግንበኛው ከባዶው ጀመረ። ጨብጦ ሲስበው ላይኛው ክፍል ብቻ በእጁ ቀረ፤ ከመሬት በታች የነበረው አፈር ሆኗል። ሕዝቡ «እህ» አለ። የእናቴ ችካል ላዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ደህና ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ግን ልቡ እንደ ዋሽንት ተቦርቡሯል። ምስጦቹም ገና እየተራወጡ ነበር። ዶሮዎቹ ከየት እንደመጡ ሳናይ መሃላችን ገቡ።

የግንበኛው ችካል ዘይት የነካው ሁሉ ንጹሕ ነው። ወገኖቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ አንዲት ሴት ጫፉን አሳየችን። ምስጦቹ በዘይቱ ላይ የጣት ውፍረት ያለው የአፈር ዋሻ ሠርተው፣ በዋሻው ውስጥ ሽቅብ ወጥተው፣ ብሩሽ ያልደረሰበትን አናት በልተዋል።

«ዘይቱን አልነኩትም እኮ!» ብሎ ጮኸ ግንበኛው። «ተሻግረውት ነው!»

«ባሕረ ኤርትራን እንደተሻገሩት» አሉ አጎቴ። ሳቁ ሳይበርድ ጥዱ ተነቀለ፤ ጭረት አልነበረበትም። እልል ተባለላቸው። የእኔው ተነቀለ፤ እሱም ንጹሕ ነው። እልል ያለ የለም፤ አጎቴ ግን «መድኃኒትሽም አላሳፈረሽም» አሉኝ።

ይሄኔ እናቴ ባዶውን ችካል እያየች፣ «እስከ ሐምሌ መጨረሻ አምስቱም ደህና ነበሩ እኮ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኋት።

«አላስችል አለኛ! ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ችካሎቹን እነቀንቃለሁ፤ ያቺን የአፈር ዋሻቸውንም በጣቴ አፈርስባቸዋለሁ። ሲያድሩ ይሠራሉ፣ ሲነጋ አፈርሳለሁ።»

«ከየትኛው ችካል ላይ?»

«ከሁሉም። ከጥዱ ላይ እንኳ አንድ ሁለቴ ሞክረዋል። ለኔ ብቻ ላዳላ?»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ መናዘዝ ከተጀመረ... እኔም በየወሩ በሃያ አንድ ጠበል ረጭቼባቸዋለሁ። ሳላዳላ! ያንቺንም፣ የዘይቱንም።»

ፈተናው ተበላሽቷል አልኋቸው። የሰማኝ አልነበረም፤ ግቢው በሳቅ ፈርሷል። ግንበኛው ግን የተበላውን ችካል ይዞ ሲያስብ ቆየና «ታዲያ የበሉት እማማ ሱባኤ በገቡበት ሁለት ሳምንት ነዋ» አለ።

«ነዋ» አሉ አጎቴ። «ምስጥ ፍልሰታን አይጾም።»

ወሬው ወደ ምርጫው ተመለሰ። አጎቴ በድል አድራጊነት «እንግዲህ ጥድ ነው» አሉ። እናቴ ያ ችካል ከየት እንደመጣ ጠየቀቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታደስ ከተጣለው ቁራጭ ነው። ለቤት የሚሆነውስ ከየት ይመጣል?

አጎቴ በደብሩ ዙሪያ ወደቆመው ጥድ አየት አደረጉ። አየት ብቻ ነው ያደረጉት።

«የእመቤታችንን ጥድ ልትቆርጥልኝ ነው አንተ?» አለች እናቴ።

አጎቴ ዓይናቸውን ከደብሩ ላይ አነሡ።

ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ መድኃኒት ስንት ዘመን ይቆያል?»

እውነቱን ነገርኋት። ለዘላለም አይደለም፤ በየጊዜው ይታደሳል።

«አንቺ ወሬ ልታመጪ ስትሄጂ ማን ያድሰዋል? ዶሮዎቼስ አፈሩን ቢጭሩት?»

እናቴ የተበላውን መቃን ፍራሽ፣ እስካሁን ግቢው ጥግ የተጋደመውን፣ በአገጯ አመለከተች። «አሮጌው ቤት እግሩ አፈር ውስጥ ነበር። እዚህ ጓሮ ግን የሚወጡበትን አይቻለሁ፤ ያየሁትን አፍርሻለሁ። እንግዲህ የሚታየኝ ቤት ሥሩልኝ። ይምጡ፤ ሲመጡ ልያቸው።»

ግንበኛው ዶማውን አስቀመጠና በመዳፉ ጉልበቱን ለካ። «መሠረቱን በድንጋይ እስከዚህ አወጣዋለሁ። በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከግድግዳው አራት ጣት ወጣ ያለ፣ እንደ ከንፈር። እንጨቱ አፈር ሳይነካ ከዚያ ላይ ይቆማል። ምስጡ እንጨቱ ጋ ሊደርስ ከንፈሩን ዞሮ መውጣት አለበት፤ ሲዞር ደግሞ እማማ ያዩታል።»

«ከውስጥ በኩልስ?» አለች እናቴ።

«ከውስጥም እንዲሁ።»

ኬሚካሉን ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት የመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዶሮ በማይደርስበት ጥልቀት እንዳፈስሰው ፈቀደችልኝ። የቋሚዎቹም እግር ዘይቱን ተቀባ። ምርጫው በዚህ ተዘጋ።

በጥቅምት ጅጌ ጠራን። የመንደሩ ሰው አዝመራው ሳይደርስ ለአንድ ሥራ ተባብሮ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል። ጎረምሶቹ ቀዩን ድንጋይ በቃሬዛ ያመላልሱ ነበር። ጭቃው ቀድሞ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ስለነበር ሽታው ከበር ይቀበል ነበር፤ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው፣ ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየረገጡ ይሰዳደባሉ። አጎቴ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው መጡ።

«አባ፣ ትንቢቱን ይተዉና ድንጋይ ያቀብሉን!» አላቸው ግንበኛው።

«ድንጋዩስ በጥድ ተባርኮ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። አጎቴ ቀና ሳይሉ ትልቁን ድንጋይ አነሡ፤ ቀኑን ሙሉም ሲያቀብሉ ዋሉ።

እናቴ አልተቀመጠችም። በማጀትና በግንቡ መካከል እየተመላለሰች የእያንዳንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከንፈር በመዳፏ ዳሰሰች። በአንድ ማዕዘን ከጭቃው የፈሰሰ አፈር ተከምሮ መሠረቱን ሸፍኖ ስታገኝ ሥራ አስቆመች። «ደረጃ ሠራችሁላቸው እኮ! እነሱ እንግዳ ናቸው፣ ተሸክማችሁ አስገቧቸው እንጂ!» ሦስት ጎረምሶች በሳቅ እየተንፈራፈሩ አፈሩን በአካፋ አራቁት።

ግድግዳው ደረቀ፤ ቆርቆሮው ተመታ፤ በሩ ገባ። የኅዳር ማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኞቹ ጽዋውን ይዘው መጡ። እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። አላስገባቻቸውም።

«መጀመሪያ ዙሩት» አለቻቸው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት ባለ ምርኩዝ ሽማግሌ፣ «ጽዋ ልንጠጣ ነው የመጣነው ወይስ ቤት ልንመረምር?» አሉ።

«መርምሩና ትጠጣላችሁ።»

ዞሩ። ሁሉም አጎንብሰው፣ ሽማግሌው በምርኩዛቸው ድንጋዩን ነካ ነካ እያደረጉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ከሥር ከሥሩ እያዩ ዞሩት። በሰሜኑ ማዕዘን አንዲት ባልቴት ቆሙ። ከድንጋዩ ከንፈር በታች፣ ከስንዝር የማትበልጥ እርጥብ የአፈር ዋሻ ተለጥፋለች።

አጎቴ እኔን አዩኝ፤ እኔ እናቴን አየሁ።

«መጡ!» አለች እናቴ፤ ፊቷ በራ። «አላልኋችሁም? ኑ እዩአቸው፣ ኑ!» ሁሉም እስኪያዩ ጠበቀችና ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጠራርጋ አፈረሰቻት። ነጫጮቹ ተበተኑ። ከንፈሩን ያለፈ ነገር አልነበረም፤ እንጨቱን ራሴ አጎንብሼ አይቼ አረጋግጫለሁ።

«ከማኅበርተኛው ቀድመው የደረሱ ናቸው» አሉ ሙሴው። «በይ አሁን አስገቢን፤ እኛም ርቦናል።»

ገቡ። አጎቴ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እናቴ በየሰው ፊት እየዞረች «ሙሉት፣ ሙሉት» ስትል ዋለች። መቀመጫ ጠፍቶ ጎረምሶቹ ደጅ ባለው የድንጋዩ ከንፈር ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ ወጥታ አስነሣቻቸው። ጽዋው ለታኅሣሥ ተረኛዋ ተሰጥቶ ከእናቴ ቤት የወጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።