ጋቢናው የአማቴ ነው

እኛ ቤት ጋቢና የትልቅ ሰው ነው። አማቷ ባሉበት ፊት የተቀመጠች ምራት ምን እንደምትባል ማንም አልነገረኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። ሕፃን ደግሞ ቦታው አያቱ እቅፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ አማቴ ሐዋሳ በመጡ ቁጥር ጋቢና ይገባሉ፤ የስምንት ወር ልጄም ጭናቸው ላይ ይቀመጣል። ከኋላ ያሰርነው የልጁ መቀመጫ ባዶውን ይሄዳል።

መኪናዋን ስንገዛ ያየልን መካኒክ አስረድቶኝ ነበር። "ቀበቶው ሰውነትሽን ከወንበሩ ጋር ይይዘዋል፤ ኤርባጉ ደግሞ ፊትሽና ደረትሽ ዳሽቦርዱን ሳይመቱ ይቀበላቸዋል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ይፈነዳል" አለኝ። ከዚያ ጋቢናው ፊት ለፊት ያለውን የኤርባጉን ክዳን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ "ሕፃን ግን እዚህ እንዳይቀመጥ። የፍንዳታው ጉልበት ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው" አለ። ሕፃኑን ምን ያደርገዋል ብዬ ጠየቅኩት። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

ለባለቤቴ ስነግረው "እና እናቴን ውረጂ ልበላት?" ብሎ ወሬውን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ያንን ክዳን ይፈልጋል።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡሹሎ ዘመድ ልንጠይቅ ተነሣን። አማቴ ልጁን አቅፈው ጋቢና ገቡ። ባለቤቴ "ትራፊክ እንዳያስቆመን" ብሎ ቀበቶውን አሰረላቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ እንደምንም ደፈርኩ።

"እማዬ፣ ከልጁ ጋር ኋላ ቢሆኑ አይሻልዎትም? ሰፊ ነው።"

"ኋላ? ምነው፣ ዕቃ ነኝ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ለዚያ ሳቅ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ይሉኝታ አፌን ያዘው።

መንገዱን ሁሉ በሁለቱ ወንበሮች መሃል የልጄን ጭንቅላት እያየሁ ሄድኩ። ክዳኑን በእግሩ እየመታ ይጫወታል። ባጃጅ በገባብን ቁጥር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ብዙም ሳንርቅ ልጁ መነጫነጭ ጀመረ፤ ርቦታል። ቆምንና ተቀብዬ አጠባሁት። ጡቴን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው፤ መቀመጫው ላይ አስተኝቼ አሰርኩት። አማቴ ዞር ብለው አዩት።

"ይተኛ፣ አትቀስቅሺው። ሲነቃ ታቀብይኛለሽ።"

"እሺ፣ እማዬ" አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ፤ ግን ከኋላው ገጨነው። ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ነጭ ብናኝ ሞላ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ልጄ ማልቀስ ጀመረ። በልቅሶው ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አማቴን ቀበቶው ይዟቸዋል። ክዳኑ ተገንጥሏል፤ የተነፈሰው የኤርባጉ ከረጢት ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ሁለቱም እጆቻቸው ከክርን እስከ አንጓ ተልጠዋል። ባዶ ጭናቸውን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ልጁን አዩ። ባለቤቴ "ተመስገን፣ እንኳን ተኛ" ይላል ደጋግሞ።

ጤና ጣቢያ እጃቸው እስኪታሸግ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ኋላ ይሁኑ ያልሽኝ ይህን አውቀሽ ነው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ስስቅ ለምን ዝም አልሽ?"

"ፈራሁዎት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በገዛ እቅፌ ልገድለው ነበር እኮ" አሉ። "አንቺ እያየሽ።"