ማኅተም ያለው ደብዳቤ

ባለቤቴ ለንደን ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያ ደህና ሥራ ሰው መሰለል ነበር። እሱ እንዲህ ሲባል አይወድም፤ «ጥበቃ በይ» ይለኛል። ካምደን ባለ አንድ የገበያ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ በተደረደሩ ቴሌቪዥኖች ፊት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሰው መግቢያና መውጫ ያያል። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ቦምብ ይፈነዳል እየተባለ በየማዕዘኑ ካሜራ ይሰቀል ነበር።

ሥራውን ያገኘ ቀን በሳቅ ሞትኩ። ምክንያቱም ይህ ሰው በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ፣ ፍርሃቱን በሻንጣው ይዞ የተሰደደ ሰው ነው። ሃክኒ ባለችው ቤታችን ስለ ኪራይ ሊያወራኝ ሲፈልግ እንኳ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። አገር ቤት ሲደውል ከጤናና ከዝናብ ሌላ ነገር አይወጣውም። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የእኛ ግድግዳ ጆሮ ነበረው፤ ድምፃችን ከፍ ባለ ቁጥር ከታች ያሉት አሮጊት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡልን ነበር።

«ይኸው ጆሮ ጠቢ አግብቼ አረፍኩት!» አልኩት።

«ጆሮ አይደለሁም» አለኝ ኮስተር ብሎ። «ካሜራው ድምፅ የለውም። ዓይን ብቻ ነው።»

ሌሎች ሁለት አመሎችም ነበሩት። አንዱ የማኅተም ነገር ነው። ማንኛውም ወረቀት እጁ ሲገባ ከማንበቡ በፊት ገልብጦ ክብ ማኅተም ይፈልጋል። ቤት ተሰጥቷችኋል የሚለው ደብዳቤ የደረሰን ጊዜ ማኅተም የለበትምና አላምንም ብሎ፣ ቁልፉን እስክንረከብ ድረስ ለማንም እንዳልናገር ከለከለኝ። እዚህ አገር ፊርማ ይበቃል ብዬ ብነግረው «ፊርማማ ዶሮም ትጭራለች» አለኝ። ሁለተኛው አመሉ ደግሞ ካፖርት አለማቀበል ነው። የፈረንጅ ባል ሚስቱን ካፖርት ሲያለብስ እያየሁ እቀና ነበር፤ የእኔው ግን አቀብለኝ ብዬ ብለምነው እንኳ «እጅ የለሽም?» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እናቱ አቀማጥላ ያበላሸችው ልጅ ነው እያልኩ አማዋለሁ።

እንዲያም ሆኖ ሥራውን ወደድኩት። ከዚያ በፊት ባተርሲ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥብ እጁ ተሰነጣጥቆ ነበር የሚመጣው። እኔ ሆስፒታል አጸዳለሁ፤ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዣለሁ፤ ሆዴ ገፍቶ ሥራ ላቆም ነው። ከእንግዲህ የምንበላው እነዚያን ቴሌቪዥኖች እያየ በሚያመጣው ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ የእረፍት ቀኔ ነበር፣ ሸሚዙን ስተኩስ በቀትር ከች አለ። ምንም ሳይናገር ሬዲዮኑን ከፈተ። ክፉ ወሬ እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ሰስፔንድ አደረጉኝ።»

ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ ንግግሩ ለስለስ ያለ ሰውዬ ከማናጀሩ ጋር ክፍሉ ድረስ ገባ። መታወቂያ ብልጭ አድርጎ፣ ስሙ ሳይነበብ መልሶ ኪሱ ከተተ። ወደ መንገድ የሚያየው ካሜራ የቀዳውን የቪዲዮ ካሴት ፈለገ። ካሜራው ከመንገዱ ማዶ ያለች አንዲት በር ያሳያል። ከበሯ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ ለስደተኞች ምክር የሚሰጥ ቢሮ አለ። እኛም ወረቀታችንን ስንጠይቅ የተረዳነው እዚያ ነበር። ለምን ፈለጉት ሲባል ሰውዬው «የአገር ደህንነት ጉዳይ ነው» አለ።

የእኔ ጀግና ከወንበሩ ተነሣ፤ እጅ ነሣ። «ደስ ይለኛል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አለ።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት እንደማይጻፍ ነገረው። «እንግዲያው ካሴቱም አይወጣም» አለ ባለቤቴ። ማናጀሩ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የካሴቶቹ ቁልፍ ያለው ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ግርግር እንዲፈጠር አልፈለገም። እሺ፣ ነገ ወረቀት ይዞ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናግሮ ሄደ። ማናጀሩም ቁልፉን ተቀብሎ ባለቤቴን «እስክጠራህ እንዳላይህ» አለው።

እኔ ቁጣዬ ቶሎ ነው የሚገነፍለው። ካውያውን አስቀመጥኩና ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ አብደሃል? በሰው አገር መንግሥት ላይ ማኅተም ትጠይቃለህ? የለንደን አብዮት ጥበቃ ሊቀመንበር ማን አደረገህ? ልወልድ ነው እኮ! ልጁን ማኅተም ላጥባው?»

ከታች መጥረጊያው ጣሪያውን ደበደበ።  እሱ ግን እጁን ሰደደና ሬዲዮኑን ዘጋው። ካገባሁት ወዲህ ወሬ ለመጀመር ሬዲዮ ሲዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ታላቅ ወንድሙ በዚያ በክፉ ዘመን ተወስዶ እንደቀረ አውቃለሁ። ከመጋባታችን በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። ሆድ ከአገር ይሰፋል። ያን ቀን ግን የቀረውን ነገረኝ።

ምሳ እየበሉ ሳለ ሁለት ወጣቶች ቤት ገቡ። ትሑት ነበሩ፤ አንደኛው የባለቤቴን እናት «እማማ» ይላቸው ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ይፈለጋል፣ አሁን ይመለሳል» አሉ። ወንድሙ ማታ ሊበርድ ይችላል ብሎ «ሹራቤን አምጣልኝ» አለው። ባለቤቴ ያኔ ትንሽ ተማሪ ነበር፤ ሮጦ ሄዶ አመጣ። ወንድሙ በሁለቱ መሐል ቆሞ ስለነበር ሹራቡን የተቀበለው ከሁለቱ አንዱ ነው። «ጎበዝ» አለው፣ ጭንቅላቱንም ዳሰሰው።

«ከዚያ እማዬ ስትዞር ከረመች» አለኝ። «ቀበሌ፣ ከፍተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ እስር ቤት። ሁሉም ጋ ‹እዚህ የለም›። ማን ወሰደው? ሁለት ልጆች። ስማቸው? አታውቅም። ደብዳቤ ይዘው ነበር? አልያዙም። መጨረሻ ላይ አንዱ ጸሐፊ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ልጅሽን እንድንፈልግልሽ ከወሰደው ክፍል ደብዳቤ አምጪ። የወሰዱት ያለ ወረቀት ወሰዱት፣ የምትፈልገው እሷ ግን ወረቀት ተጠየቀች።»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። 

«ሹራቡን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ተነሥቼ ካውያውን አነሣሁና የሥራ ሸሚዙን ተኩሼ ጨረስኩ። ለነገ ሥራ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሸሚዙን ግን በር ላይ ሰቀልኩለት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አስጨናቂ ነበሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሆዴን ይዤ እሮጣለሁ፤ አንዴ አማቴ ከአገር ቤት ደውለው ስለ ዝናብ አወሩልኝ። አርብም አለፈ፣ ሰውዬው ነገ እመጣለሁ እንዳላለ። የአገር ደህንነት እንደዚያ ተቻኩሎ መጥቶ አንድ ወረቀት ለመጻፍ ይህን ያህል ሲቆይ ገረመኝ፤ ቀበሌም እንዲህ አያጓትትም አልኩ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ያያል። «ካሜራ ቢነሡህ በዓይንህ ቀጠልክ?» እለዋለሁ፣ ትንሽ ፈገግ ይላል።

በተከታዩ ሳምንት ማናጀሩ ደወለ። ሰውዬው ደብዳቤ ይዞ ስለመጣ ካሴት ሲወጣ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ባለቤቴ ስለሆነ እሱም እንዲመጣ ነገረው። የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ ሄደ።

የሆነውን ማታ ነው የነገረኝ። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤት አርማ አለው፣ የሰውዬው ስም አለው፣ ፊርማም አለው። ባለቤቴ በጥንቃቄ አነበበው። ከዚያ ገለበጠው። ወደ መብራቱም አነሣው። ማናጀሩ ምን እንደሚፈልግ ገባውና ራሱን ያዘ። «በዚህ አገር ንግሥቲቱም ብትሆን ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ክብ ማኅተም አትመታም!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቴ «የእሳቸውንማ አምናለሁ» አለው።

ማናጀሩ ወጥቶ ሄደ፤ ዕቃ መረከቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማኅተም ይዞ ተመለሰና ደብዳቤው ላይ ጓ አደረገው። ባለ ካፖርቱ ሰውዬ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ በኋላ ግን ስሙንና ቀኑን በገዛ እጁ እንዲጽፍበት ሲጠየቅ ብዕሩን አወጣ። ባለቤቴም ቁልፉን ተቀብሎ ካሴቱን አወጣና አስረከበው።

የደብዳቤውን ቅጂ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ማኅተሙ ላይ በእንግሊዝኛ ዕቃው ሳይሰበር በደህና መድረሱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። እምባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ አሮጊቷም ከታች መጥረጊያቸውን አነሡብን።

ሳቄ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከነከነኝ። «ካሴቱን ለምን ሰጠሃቸው ታዲያ? እዚያ በር የሚገቡት እንደኛ ያሉ ሰዎች አይደሉም?»

«አልሰጥም መቼ አልኩ?» አለ። «ለማስቀረት ማን አቅም ሰጠኝ? ነገ በዚያች በር የገባ ሰው ቢጠፋና እናቱ መጥታ ማን ወሰደው ብትለኝ፣ ይኸው እከሌ የሚባል ሰው፣ በዚህ ቀን፣ ይኸው ፊርማው እላታለሁ።»

የማንም እናት አልመጣችም፤ ተመስገን ነው። ባለቤቴ ግን እዚያ ሥራ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ያችን ቅጂ ደረት ኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር፤ እኔም ሸሚዙን ከማጠቤ በፊት ኪሱን ቼክ ማድረግ ለመድኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ከቤት ስወጣ ካፖርቴን ራሴ ነኝ ከመስቀያው የማወርደው፤ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ አቀብለኝ ብዬው አላውቅም። ሳይጠይቀኝም ማን ጋ እንደምሄድ፣ በየትኛው አውቶቡስ፣ በስንት ሰዓት እንደምመለስ እነግረዋለሁ።

«ማኅተሙስ?» ይለኛል፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

መላጣው ላይ ስሜው እወጣለሁ።