ከምሳ በኋላ የመጣ ጥያቄ

የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ሳይንስን ለሕዝብ እናሳይ ብሎ አንድ ወጣት ኬንያዊ መምህር ኪሊማኒ ሰፈር ወዳለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን ላከ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ስደት ትምህርቴን ስላቋረጠብኝ፣ ደጋግሞ እንዲመጣ አጥብቄ እፈልግ ነበር።

መምህሩ ከአዳራሹ ጣሪያ ማገር በገመድ ያንጠለጠለውን የብረት ኳስ እስከ አፍንጫው ስቦ ለቀቀው። ኳሱ ሄዶ ተመለሰና ንቅንቅ ያላለውን ፊቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው መልሶ ሄደ። ከኋላ አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም» አሉ።

«ጥያቄ አላችሁ?» አለ መምህሩ። ሁለቴ ቢደግመውም ማንም አልተነፈሰም።

«አልወደዱትም። ሌላ ቦታ ብንሞክር ይሻላል» አለኝና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ወደ አንድ ሽማግሌ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ ለምን አትጠይቁትም?»

«እንግዳን በሰው ፊት? መልሱን ባያውቀውስ? ይልቅ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቀው።»

ምሳው ላይ ከበቡት። እኚያው እናት እያጎረሱት፣ «ልጄ፣ ወደ ኳሱ አንድ እርምጃ ጠጋ ብትል ኖሮስ?» አሉት። አፉ ሞልቶ ስለነበር በእጁ አፍንጫው እንደሚሰበር አሳያቸው። ከዚያ ጥያቄው አላባራ አለ፤ እኔ ስተረጉም ምሳዬ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ ገመዱን ሊፈታ ወንበር ላይ ወጣ። ጥቂት አሰበና ሳይፈታው ወረደ።

«እስከሚመጣው ወር እዚሁ ይቆይ» አለኝ።