የቦረቦሩ አጥር

ፍኖተ ሰላም፣ የስፌት መኪናዬን ካስቀመጥኩባት ክፍል ፊት ለፊት አንድ ቦረቦር አለ። ክረምት ጎርፍ ያወርዳል፤ በጋ የሰፈሩን ቆሻሻ ይቀበላል። ስንት ዓመት ፊቴ ላይ ተገትሮ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዳየው ያደረጉኝ አንድ ገበሬ ናቸው።

ሰውየው ከቦረቦሩ በታች፣ ወንዙ ዳር የሚኖሩ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ የተቀደደ ቁምጣ ወይም የልጅ ልጃቸውን ቀሚስ ያመጡልኛል። ያን ቀን ግን የሚሰፋ ነገር አልያዙም። ከጋቢያቸው ስር እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ፌስታል አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ከላሜ ሆድ የወጣ ነው" አሉኝ። "እናንተ የጣላችሁትን በልታ ልትሞት ስትል አረድናት።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋ። ሁለት መስመር ሰፍቼ እነሳለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ማን ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አያለሁ፤ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ፤ ደግሞ እነሳለሁ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ፣ እናቷ ፊት ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

በዚያው ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ አካባቢያቸውን ለማጽዳት ለሚደራጁ ሰፈሮች መንግሥት ድጋፍ መድቧል ተባለ። እቅድ ያቀረበ ሰፈር ይረዳል። አምስት ሆነን ኮሚቴ አቋቋምን፤ የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል ብለው እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። እቅዱን በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። ቦረቦሩ ይጠረጋል፣ በእሾህ ሽቦ ይታጠራል፣ "ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ይቆማል። ማዘጋጃ ቤቱም እንዳለ ተቀበለልን።

ሽቦው ከቡሬ ነበር የሚመጣው። መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። በየጠዋቱ ማዘጋጃ ቤት ስመላለስ ዘበኛው መፈተሹን ትቶ "ገና ነው" እያለ ከበር ይመልሰኝ ጀመር።

በመጨረሻ መጣ። በጽዳቱ ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የበሰበሰ ጨርቅ፣ የዶሮ ላባ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ተመላልሶ ጭኖ ከከተማ ውጭ ወሰደው። አጥሩ ቆመ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው ሆኜ ሰፋሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ከሽቦው ውስጥ ጆንያ አየሁ። በማግስቱ ሁለት ሆነ። ሱቄን ዘግቼ ግንብ ተጠግቼ መጠበቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የያዝኩት ሰው፣ መናኸሪያው አጠገብ ሹሮ እየሠሩ የሚሸጡ፣ ከእኔ በላይ ሁለተኛው ቤት የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤቴ ሆኑ። ጆንያ አዝለው መጥተው ሽቦውን በያዙት በትር ከፍ አደረጉት።

"እትዬ! እርስዎም?" ብዬ ሮጥኩ።

አልደነገጡም። ጆንያውን አወረዱና "እኔም" አሉ።

"ሰሌዳውን አላዩትም?"

"ማንበብ አልችልም። ብችልስ? አትጣዪ ይላል፤ የት ጣዪ ይላል?"



"ለጽዳት ውጪ አላችሁኝ፣ ወገቤን ይዤ ወጣሁ፣ አብሬያችሁ ጠረግሁ። ያንቺስ አመድ የት ይድረስ ያለኝ ሰው ግን አለ?"

እቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጥር አለበት፣ ሰሌዳ አለበት። የሰው ቆሻሻ የት ይሂድ የሚል አንድ ቃል የለበትም። አፍሬ "ይስጡኝ፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ነገስ ልጄ? ከነገ ወዲያስ?"

ሽቦና ቋሚ ተርፎን ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለጽዳት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ልጅ እግር ቢጤ ነው፣ "የተረፈውን መልሳችሁ ውሰዱና ቆሻሻ የሚያነሳ ጋሪ ስጡን" አልኩት።

"እህቴ፣ የተፈቀደላችሁ አጥር ነው። ድጋፉ የሚወጣው በእቅዱ ነው፤ እቅዱን የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

"ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ተሳስቼ ነበር ብዬ ልጻፍ?"

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። "እንደሱ ብሎ የጻፈ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ይሞክሩ፤ ግን ኮሚቴው ይፈርምበት።"

ኮሚቴው አልፈርምም አለ። ሰብሳቢያችን "ተሳሳትን ብለን ከጻፍን ዳግመኛ ማን ያምነናል?" አሉ። እሳቸውን እያባበልኩ፣ ሌሎቹን እየለመንኩ ሁለት ሳምንት ከቤት ቤት ተንከራተትኩ። ሲያቅተኝ አሮጊቷን ወደ ስብሰባው ጠራኋቸው። ለእኔ ያሉትን ደገሙላቸውና ወደ ሰብሳቢው ዞረው "ጌታው፣ የርስዎስ ቤት አመድ የለውም?" አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሳብ አድርገው ፈረሙ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

መልሱ ለመምጣት ጊዜ ፈጀ። ሽቦው ለሌላ ሰፈር ተሰጠ፤ ለእኛ ማክሰኞና ዓርብ የሚመጣ የአህያ ጋሪ ተመደበልን። አሮጊቷም ኮሚቴ ገቡ። ቦረቦሩ ውስጥ ጆንያ አልፎ አልፎ አሁንም ይገኛል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ያለፈው ማክሰኞ ጋሪው ቀረ። አሮጊቷ ጆንያቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

"ይመጣል ትያለሽ?"

"ይመጣል" አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ጋሪው የሚመጣበትን የላይኛውን መንገድ አየን። አላስችል ሲለኝ ልፈልገው ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር፣ ጎማው ፈንድቶበት ባለጋሪው አህያውን ፈትቶ ቁጭ ብሏል። ጎማ የሚለጥፍ ሰው ፈልጌ አመጣሁለት። አሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ሰፈራችን ወረደ። ጆንያውን አንድ ወገን እኔ፣ አንድ ወገን እሳቸው ይዘን ጫንነው።