ከመቻል የወጣ ቃል

ወገዳ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ያየኋት ሴት ጥላውን ትታ በሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ቆማለች። ከነጠላዋ ስር የሟች ባሏን ጥቁር ኮት ለብሳ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋዋለች። የመሬት ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ እርምጃ ትጠጋለች።

ማሳዋን ይዞ የሚያርሰው የባሏ ወንድም ሽማግሌ ልኮባት ነበር።

"ልጄ፣ ቻይው እንጂ! የባልሽ ወንድም እኮ ነው" አሏት ሽማግሌው።

"አባቴ፣ ሰባት ዓመት ችያለሁ" አለች፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ። "ፍርድ ቤት ይበሉት፣ ሸንጎ ይበሉት፣ ያው ነው። እኔ ግን ችሎት ሲሉት ደስ ይለኛል። የቅኔ መምህሩ ወንድሜ፣ ቃሉ ከመቻል የወጣ ነው ብሎኛል። እንግዲህ ዛሬ የሚችለኝ ዳኛው ነው፤ እኔስ መቻሌን ጨርሻለሁ።"

ወዲያው ከውስጥ ስሟ ተጠራ።

"አለሁ!" ስትል በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

የባሏ ወንድም በሩን ሞልቶ ቆሞ ነበር። ቀና ብላ አየችው። መንገድ ለቀቀላት።