ጾሙና ልጁ አብረው እንዲፈቱ

ዳሲቱ ጎረቤቴ ናት። አቃቂ ያለችው ሱቄ ከግቢዋ በር ፊት ለፊት ናት። ልጇ ሮቤራ ቂሊንጦ ታስሮ ፍርድ ሲጠብቅ ዓመት አልፎታል፤ ቀጠሮው ይገፋል፣ እንደገና ይገፋል። የነቢያት ጾም ሲገባ ዳሲቱ ተሳለች፤ ሳታጎድል ከጾመች በገና ጾሙና ልጇ አብረው እንዲፈቱላት። ስትነግረኝ ተቆጣኋት። ችሎት በስለት ይከፈታል እንዴ?

"አዳምም ቀጠሮ ተሰጥቶት ነበር" አለችኝ። "አምስት ቀን ተኩል ተብሎ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ጠበቀ። ጌታ ግን መጣለት።"

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ክርክሩን ትቼ ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ።

ሮቤራ ሳል ይዞት ከሳ። ሐኪም ወተት አዘዘለት። እስር ቤቱ ደግሞ ያመጣሽውን በር ላይ ሳትቀምሺ አይገባም። ስለዚህ ሱቄን እየዘጋሁ አብሬያት እሄድና ወተቱን እቀምስላታለሁ። በረመዳን የማፍጠሪያ ሾርባዬን ጨው የምትቀምስልኝ እሷ ናት፤ ብድር በምድር።

አንድ ጠዋት በሩ ላይ አዲስ ፈታሽ ቆማለች። ጠርሙሱን ልቀበል ስል፣ "አንቺ ተዪው" አለችኝ። ወደ ዳሲቱ ዞራ፣ "ያመጡት እርስዎ ነዎት እናት፤ እርስዎ ይቅመሱ።"

"ጾመኛ እኮ ናት!" ብዬ ጮህኩ።

"ካልቀመሱ አይገባም።"

ከኋላችን ሰልፉ ያጉረመርማል። ዳሲቱ አማተበችና ተጎነጨች።

በሚኒባስ ተመለስን። ስንወርድ ክንዷን ያዝኩ።

"ስለቴ ፈረሰ፣ ሐጀራ" አለች። "ግን ታውቂያለሽ፣ ቀለለኝ። እስካሁን ከእግዜር ጋር ዋጋ ስከራከር ነው የከረምኩት። አሁን የማቀርበው የለኝም። ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ እውነትም ጸጥ አለች። ጾሟን ቀጠለች፤ በሩ ላይ ግን ማንም ሳያዛት ትቀምሳለች። እኔ ያን እርጋታዋን አልወደድኩትም፣ ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ፈራሁላት።

ገና ደረሰ። ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ተባለ። ጾሙ ተፈታ፤ ሮቤራ አልተፈታም። እንደለመድነው ወተቱን ይዘን ሄድን። ሮቤራ ፈታሾቹ በሩ ላይ የተቀበሉንን ጠርሙስ ይዞ ከመጠየቂያው ሽቦ ማዶ ሲመጣ ሸሚዙ ሰፍቶታል፣ ፊቱ አጥንት ብቻ ቀርቷል።

"ይህ ሁሉ ወተት የት ገባ?" አልኩት ተናድጄ።

አንገቱን ደፋ። "ጾም አይደል? አብሮኝ ለታሰረ ልጅ ስሰጠው ነበር። ገናን እቤት እንድውል ተስዬ... እማዬ እየጾመች እኔ ወተት ልጠጣ?"

ወላሂ፣ ሽቦውን አልፌ በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ዳሲቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ግን አልጮኸችም። የቀመሰችውንም አልነገረችውም።

"ዛሬ ገና ነው፣ ልጄ" አለችው። "እያየሁህ ጠጣ።"

ሳሉ እያቋረጠው ጠጣ። እስኪጨርስ ሽቦውን ይዛ ቆመች።