ሁለት ራስ ያለው ንጉሥ

የእህቴ ባል ሴዋል በለንደን ግንብ፣ በንጉሡ የወርቅ ገንዘብ ማተሚያ ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት መዶሻ መታ። ታችኛው የማተሚያ ብረት ግንድ ላይ ተተክሏል፤ እኔ ዝርጉን ወርቅ አስቀምጥበትና ላይኛውን ብረት ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ እሱ መዶሻውን ያሳርፍበታል። የንጉሡ ምስል ሰይፉን ይዞ መርከብ ላይ ቆሞ ወርቁ ላይ ይወጣል።

የዓይኑን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ እህቴ አሚስ ናት። «ጨው መስሎት አመድ ሾርባው ውስጥ ጨመረ» አለችኝ። ዓይኖቹን ሞራ እየጋረዳቸው ነበር። በሽተኛ ይፈውሳል ወደሚባለው ወደ ቅዱስ ኤርከንዋልድ መቃብር ወሰድነው፤ ከሰም የተሠሩ ሁለት ዓይኖች ለስለት አስቀምጦ ተንበርክኮ ዋለ።

ሲነሳ «እህስ?» አልኩት።

«ሻማው አሁንም ጭጋግ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በድምፅ መሥራት ጀመርን። ብረቱን አስተካክዬ ቀስ ብዬ «በል!» እላለሁ፤ እሱ ይመታል። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ግን ሌሎቹ ሠራተኞች ሲንጫጩ ድምፄ መሰለውና ሳልዘጋጅ መታ። ብረቱ ተንሸራተተ፤ ደንግጦ ደገመው።

የማተሚያ ቤቱ ሹም ወርቁን አንስቶ አገላበጠው። «ሴዋል፣ ንጉሣችን ሁለት ራስ ያበቀለው መቼ ነው?»

«አንዱ ይገባኛል ለሚለው ለፈረንሳይ ዘውድ ይሆነዋል፣ ጌታዬ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሹሙ ግን አልሳቀም። «እስቲ እያየሁህ አንድ ምታልኝ» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ትንፍሽ እንዳትል!»

ብረቱን ያዝኩ። ምን ላድርግ? ሴዋል መዶሻውን አንስቶ ድምፄን ጠበቀ። ጠበቀ። በመጨረሻ ጨክኖ አወረደው፤ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ጥርሴን ነከስኩ፤ ደሙ ግን ወርቁ ላይ ፈሰሰ።

«መታሁት?» አለ ሴዋል በቀስታ።

በዚያው ቀን አሰናበቱት። እኔን፣ ጣቴ ብረት መያዝ ስላቃተው፣ ከሰል ተሸካሚ አደረጉኝ። አሚስ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። እሱ በራቸው ላይ ወንዙን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል።

«ወናፍ መንፋት ዓይን አይፈልግም፤ ለምንልኝ» አለኝ አንድ ቀን። ለመንኩለት። ሹሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሰው ሞልቷል» አለ።

ስመለስ ፊቱ ቆምኩ።

ሴዋል ጥላዬ ሲያርፍበት ቀና አለ። «ምን ፈለጉ ጌታዬ? ባለቤቴ ወንዝ ወርዳለች።»

«እኔ ነኝ።»

ከድምፄ እንዳልተሳካ ገባው። ከዚያ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ «እሺ፤ ግባ፣ ዳቦ አለ» አለኝ።